ሞያሞያ ይዞኝ ልጆች ማሳደግ፦ ቤታችን እንዴት ተላመደው

በእኛ ቤት ፊኛ የምትነፋው ትልቋ ልጄ ናት። ትኩስ ነገር ሲቀርብ እፍ እያለ ለልጆቹ የሚያበርድላቸውም አባታቸው ነው። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ አያለሁ። የማያውቅ ሰው ስንፍና ሳይመስለው አይቀርም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ሞያሞያ የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው የአንጎል የደም ሥር በሽታ አለብኝ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር እጄን ሊያዝለው፣ አንደበቴን ሊይዘው ይችላል።

በአጭሩ ላስረዳ። በአንገታችን ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚወጡ ካሮቲድ የሚባሉ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች አሉ። በሞያሞያ እነዚህ ቧንቧዎች ራስ ቅል ውስጥ ገብተው ቅርንጫፍ የሚያወጡበት ቦታ ላይ ቀስ በቀስ እየጠበቡ ይሄዳሉ። አንጎል ደም ሲያንሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዋናው መንገድ ሲዘጋ መኪናው ሁሉ በውስጥ ለውስጥ መንገድ እንደሚሽሎከሎከው፣ ደሙም በቀጫጭን የደም ሥሮች መሄድ ይጀምራል። እነዚህ ስስ ናቸው። አንዳንዴ የሚያደርሱት ደም አይበቃም፣ አንዳንዴ ደግሞ ይፈነዱና ይደማሉ። ሱዙኪ እና ታካኩ የተባሉ የጃፓን ሐኪሞች በሽታውን በዚህ ስም የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በብዛት የሚታየው በልጅነት ወይም በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ሲሆን፣ ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይይዛል። እኔን ያገኘኝ በሁለተኛው ዙር ነው፤ ትዳር ይዤ፣ ልጆች ወልጄ።

እፍ ማለት ምን ችግር አለው? ደጋግመን በኃይል ስንተነፍስ ከደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። እሱ ሲቀንስ ደግሞ የአንጎል የደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ጤነኛ ሰው ቢበዛ ራሱን ያዞረዋል። እኔ ግን ደሙ ቀድሞም በመከራ ነው የሚደርሰኝ። ቀኝ እጄ ይደነዝዛል፣ የያዝኩት ዕቃ ይወድቃል፣ ልናገረው ያልኩት ነገር ከአፌ ይጠፋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ሐኪሞች ጊዜያዊ ስትሮክ ይሉታል። ቶሎ ስለሚያልፍ ሰው ይንቀዋል፤ ግን ትልቁ ስትሮክ ሊመጣ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው። ስቅ ብሎ ማልቀስም ያው ነው፤ ሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሲያለቅሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጭንቀት ነው ተባልኩ። ከዚያ ኤምአርአይ (አንጎልን በማግኔት የሚያነሳ ማሽን)፣ ከዚያ አንጂዮግራም (የደም ሥሮችን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ)፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና። ከጆሮዬ ከፍ ብላ በራስ ቆዳ ሥር የምታልፍን የደም ሥር በአጥንቱ በኩል አስገብተው ከአንጎሌ የደም ሥር ጋር ሰፏት። ይህ በሽታውን አያድንም፤ የጠበበውን ቧንቧም አያሰፋም። ደም በሌላ በኩል እንዲደርስ ያደርጋል፣ የስትሮክን አደጋ ይቀንሳል። እዚያ ቦታ ላይ የሚጫን ኮፍያም ሆነ ጠበቅ ያለ መነጽር አላደርግም። ትንሿ ልጄ ጣቷን ቀስ አድርጋ ታስቀምጥና «እየመታች ነው!» ትለኛለች።

ለእኔ ከቀዶ ሕክምናው በላይ የከበደኝ ከዚያ በኋላ ቤታችን የገባው ፍርሃት ነው። ባለቤቴ ሌሊት እየቀሰቀሰ ስሜን ይጠይቀኝ ነበር። ከእጄ ማንኪያ ሲወድቅ ቤቱ ሁሉ ጭጭ ይላል። ማንኪያ እኮ ከማንም እጅ ይወድቃል! ልጆቹ ደግሞ መጣላት አቆሙ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ጠባይ መስሎን ነበር። በኋላ ትልቋ ሽንት ቤት ገብታ በር ቆልፋ እንደምታለቅስ ደረስንበት። ከዘመድ አንዱ፣ በቅን ልብ፣ «እናታችሁን አታናድዷት፣ ትታመምባችኋለች» ብሏቸው ኖሯል።

ለልጅ ከዚህ የከፋ ሸክም አላውቅም። የሆነ ቀን ስትሮክ ቢያገኘኝ «ያን ቀን ስላስቸገርኳት ነው» ብላ ዕድሜ ልኳን ልትኖር ነው። ደግሞ ችግሩ፣ አባባሉ ሙሉ በሙሉ ውሸትም አይደለም። ተናድጄ ቁና ቁና ከተነፈስኩ ወይም ስቅ ብዬ ካለቀስኩ እጄ ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ «ምንም ግንኙነት የለውም» ብዬ ልዋሻቸው አልፈለግሁም፤ ልጆች ውሸት ያውቃሉ። ከባለቤቴ ጋር ብዙ ከተከራከርን በኋላ ቁጭ አድርገን እንዲህ አልናቸው፦ በሽታው የደም ሥር መጥበብ ነው፤ እናንተ አላመጣችሁትም፣ እናንተ ልታቆሙትም አትችሉም። እማዬ ስትናደድ አተነፋፈሷን መጠበቅ የእሷ ሥራ ነው። መጣላት፣ ማኩረፍ፣ ማልቀስ ትችላላችሁ።

ይህን ከተናገርኩ በኋላ በተግባር ማሳየት ነበረብኝ። ሲጣሉና ደሜ ሲፈላ ክፍሉን ለቅቄ የምወጣው እኔ ነኝ። «እመለሳለሁ» ብዬ እወጣለሁ፣ ቁጭ ብዬ በአፍንጫዬ ቀስ እያልኩ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ የሚቀጣውን እቀጣለሁ። መመለሱ ግዴታ ነው። ያለዚያ ልጆቹ አባረርናት ብለው ያስባሉ። እንደገና መጣላት ሲጀምሩ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

የፍርሃቱን ቦታ በልምምድ ተካነው። የስትሮክ ምልክቶችን እንደ ጨዋታ ተለማመድን። ፈገግ በይ፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ? ሁለት እጅ ወደ ላይ፤ አንዱ ወረደ? አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ ተኮላተፈች? አንዱ እንኳ ከታየ ትልቋ ለድንገተኛ እርዳታ ትደውላለች፣ ሰዓቱንም ትጽፋለች። ሰዓቱ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበርኩት መቼ እንደሆነ ነው፤ አንዳንዱ ሕክምና የሚሰጠው በተወሰኑ ሰዓታት ውስጥ ብቻ ነውና። የእጄ መደንዘዝ ቢመለስም ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ «አለፈ» ብሎ መተኛት የለም። በምላሹ ባለቤቴ ሌሊት መቀስቀሱን ተወ። ጠዋት አንድ ጊዜ «እንዴት አደርሽ?» ይላል፣ መልሴን ያዳምጣል፣ በቃ።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ካርድ አለ። የበሽታው ስም፣ የተሰፋችው የደም ሥር በየት በኩል እንደሆነች፣ አስፕሪን እንደምወስድ፣ የደም ግፊቴ በድንገት እንዳይወርድና ሰውነቴ ውኃ እንዳያጣ ይላል። ካርዱ ትርፍ ነገር አይደለም። ሞያሞያን በትምህርት ቤት ስሙን ብቻ የሰሙ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ጥርሴን ልታከም ስሄድም፣ ማደንዘዣ የሚሰጠኝ ማንም ቢሆን፣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ውኃ ነገር ላይ ቀልድ አላውቅም። ሰውነት ሲደርቅ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ለእኔ አንጎል ደግሞ ያ አደጋ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ተቅማጥና ትውከት ይዘው ሲመጡ ሌላው ቤት ይጠብቃል፤ እኔ ከያዘኝ ሳልቆይ ነው ሐኪም ቤት የምሄደው።

የማይታየው ድካም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ደህና ትመስያለሽ» ይሉኛል። እመስላለሁ። ግን ሦስት ሰው በአንዴ ሲያወራ አንዱንም አልሰማም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከጀመርኩ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ ማዕድ ላይ ተራ በተራ ነው የምናወራው። ጥናት የማስጠናው ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ ጭንቅላቴ ትኩስ እያለ ነው። ቀጠሮ፣ ክፍያና ወረቀት ወደ ባለቤቴ ዞሯል። ይህንን አሳልፌ መስጠት ከመኪና መንዳት ማቆም በላይ አመመኝ፤ የቤቱን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነበርኩና።

ባልና ሚስት በግልጽ ሊያወሩት የሚገባም አለ። ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ የስትሮክን አደጋ ስለሚጨምር ለእኔ አይሆንም ተባልኩ። ሌላ ልጅ መውለድ ጨርሶ የተከለከለ ባይሆንም፣ ከነርቭ ሐኪምና ከማህፀን ሐኪም ጋር አስቀድሞ የሚታቀድ ነው። እኛ ሁለቱ ይበቁናል አልን።

ያልጨረስነው ክርክር የልጆቹ ነገር ነው። አርኤንኤፍ213 የሚባል ዘረመል ከበሽታው ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ግን የዘረመሉ ለውጥ ያለበት ሰው አብዛኛው አይታመምም፤ አብዛኛው ታማሚም በቤተሰቡ ሌላ ታማሚ የለውም። ባለቤቴ ሁለቱም ልጆች አሁኑኑ ኤምአርአይ ይነሱ ባይ ነው፤ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ደግሞ ምልክት የሌለበትን ልጅ ታማሚ ብሎ ማሳደግ ያስፈራኛል። ሐኪማችን በቤተሰባችን ከእኔ በቀር የታመመ ስለሌለ ውሳኔውን ለእኛ ተዉት። ለጊዜው የተስማማነው ይህ ነው፦ ተደጋጋሚ ራስ ምታት፣ በሩጫ ወይም በለቅሶ መሀል የሚመጣ የእጅና የእግር መዛል ከታየ ያን ዕለት ይመረመራሉ። ምልክት ከሌለ እንጠብቃለን፣ በየዓመቱ እኔ ለክትትል ስሄድ ጥያቄውን እንደገና እናነሳዋለን። ለትልቋ ነግረናታል። «ሳድግ ራሴ እወስናለሁ» አለች። ትንሿ የጠየቀችው ማሽኑ ውስጥ መዝፈን ይፈቀድ እንደሆነ ነው።