የአባዬ ኮቦ ቻርጅ ላይ የቆየችበት ሦስት ቀን

አባዬ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚያነቡት ኮቦ በምትባል የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። ሞዴሏ ኮቦ ግሎ ናት፣ እህቴ ከውጭ የላከቻት። ፊደሉን እንዳሻቸው ያተልቁታል። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ጋቢያቸውን ደርበው መስኮት ሥር ይዘዋት ይቀመጣሉ።

ችግሩ አማርኛው ነበር። መጀመሪያ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነበር የሚመጣው። እሱስ ቀላል ነው። በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ከፈትኩ፣ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የሚባለውን የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) ጨመርኩ፣ የመጽሐፉ ገጽ ቁልጭ አለ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ዝርዝሩ ላይ ያለው ርዕስ አሁንም ሳጥን ነው። እንዲህ የሚጨመር ፎንት ለመጽሐፉ ገጽ እንጂ ለሜኑው አይሠራም፤ ሜኑው የራሱ የሲስተም ፎንት አለው። አላስቻለኝም።

በዋይፋይ ሲስተሙ ውስጥ ገባሁ። የነበረውን ፎንት ስሙን ቀየርኩና አዲሱን በእሱ ስም መላክ ጀመርኩ። መብራት ድርግም! ራውተሩም አብሮ ሄደ። መብራት ሲመጣ ፋይሉ በስሙ ቁጭ ብሏል። ገብቷል ብዬ ሪስታርት አደረግኳት። መጠኑን እንኳ አላየሁም።

ማስነሻው ላይ ተገትራ ቀረች።

«ምነው ልጄ፣ ያቺ ነገር የት ገባች?» አሉ አባዬ።

«ቻርጅ ላይ ናት» አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነበረች።

ፒያሳ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። አገላብጦ አይቶ «ባትሪ ነው» አለኝ። ፋክተሪ ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም እንደ አዲስ ማስጀመር ይቻል ነበር፤ ግን አባዬ የቆሙበትን ገጽም ያሰመሩበትንም ጠራርጎ ይወስደዋል።

ደግነቱ ይቺ ሞዴል ሲስተሟን የምትይዘው ውስጧ በተሰካ ተራ ማይክሮ ኤስዲ ሜሞሪ ነው። ጀርባዋ ብሎን የለውም። በአሮጌ ሲም ካርድ ማቀፊያ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ፈለቀቅኩት። ሜሞሪውን ላፕቶፕ ላይ ስሰካ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። እዚህ ጋ እሺ ያለ ሰው አለቀለት! ሜሞሪው ተበላሽቶ አይደለም፤ የሲስተሙ ክፍል ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ሲስተም ስለሆነ ዊንዶውስ ማንበብ አቅቶት ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ላፕቶፑ ላይ ከፍላሽ አስነሳሁ። ምንም ሳልነካ መጀመሪያ ሜሞሪውን እንዳለ፣ 2 ጊጋባይቱን፣ ላፕቶፑ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ፎንቱን አየሁት። 0 ባይት። ስም ብቻ! አጠፋሁትና የቀድሞውን ወደ ስሙ መለስኩ።

ተነሳች። አባዬ ያቆሙበት ገጽ ላይ።

ርዕሶቹን ግን ሁለተኛ ፎንት አልነካሁላቸውም። ሳጥኑን አውጥቼ ለመጻሕፍቱ 1፣ 2፣ 3 እያልኩ ቁጥር ሰጠኋቸው። ትናንት ማታ አባዬ ጠሩኝ፤ «7ን ክፈትልኝ እስቲ፤ 6 ሰውዬው ዝም ብሎ ይለፈልፋል።»