ዓይን የማያየው ቦታ እና የደብረ ብርሃን ጣሪያ

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣሪያው በኪሩቤል ፊት ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ክንፍ ያላቸው፣ ዓይናቸው የጎላ፣ ከመቶ በላይ ፊቶች። አንድ ዓይኑን ቢጨፍን ግን ከዚያ ጣሪያ ላይ የማያየው ቁራጭ አለ። መጉደሉም አይታወቀውም። ስለ ንቃተ ህሊና ማሰብ ለሚፈልግ ከዚህች ቁራጭ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከሬቲና (ከዓይን ኋላ ካለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) የሚነሱት አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ከዓይን ይወጣሉ፤ በዚያ ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ህዋስ የለም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድም ማሪዮት ነገሩን የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ነው።

በቤት ለመሞከር ነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል ትንሽ መስቀል ሥሩ። ከመስቀሉ 8 ሳንቲ ሜትር በስተቀኝ ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጥቁር ክብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ከ50 ሳንቲ ሜትር ቀስ እያላችሁ አቅርቡ። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ክቡ ድንገት ይጠፋል፤ 20 ሳይደርስ ተመልሶ ይመጣል። አልጠፋ ካለ ብዙውን ጊዜ ዓይን ሳይታወቅ ወደ ክቡ ሾልኳል፣ ወይም ወረቀቱ ዘንበል ብሏል። ክቡ ከ3 ሳንቲ ሜትር ከበለጠም ጠርዙ መታየቱ አይቀርም።

ክቡ በጠፋበት ቦታ ግን ቀዳዳ አይታይም፤ ነጭ ወረቀት እንጂ። ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ይሆናል። በክቡ ፋንታ ቀጥ ያለ መስመር አስምራችሁ እዚያው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ብትቆርጡት መስመሩ ያልተቆረጠ ይመስላል።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ አንጎል ባዶውን ቦታ ይሞላዋል ወይስ አይሞላውም? ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማየት ሳናውቀው የምናደርገው ግምት ነው ብሎ ነበር። ፈላስፋው ዳንኤል ዴኔት እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ አንጎል ምንም አይሞላም፣ ከዚያ ቦታ ወሬ የሚጠብቅ ክፍል ስለሌለ ነው ጉድለቱ የማይታወቀው አለ። እድር ውስጥ ያልተመዘገበ ሰው ቢቀር ስሙ አይጠራም፤ ስለዚህ ቀረ የሚለው የለም። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ አለማየትና አለማየትን ማወቅ በእርግጥ የተለያዩ ናቸው። የአንጎል ተመራማሪው ራማቻንድራን ግን በተቆረጠው መስመርና በመሳሰሉት ሙከራዎች ተከራከረው። በጦጣዎች ላይ በተደረገ ምርመራም ማየት በሚጀምርበት የአንጎል ክፍል፣ ለዚህ ባዶ ቦታ የተመደቡ ህዋሳት መስመር በላዩ ሲያልፍ ሲነቁ ተገኝተዋል። ስለዚህ «ምንም አይሞላም» ማለት ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ሆኖም የህዋሳቱ መንቃት ቢጫውን ማየት ለእኔ ለምን እንዲህ እንደሚሰማኝ አይነግረኝም። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1995 «ከባዱ ችግር» ያለው ይህንን ነው።

ወደ ጣሪያው ስንመለስ፣ ከ4 ሜትር ርቀት የሚሰወረው ቦታ ስፋቱ 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሚገኘውም ከምታዩት ነጥብ 1 ሜትር ያህል ወደ ጎን፣ በተከፈተው ዓይን በኩል። ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ግቡ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዱን ፊት ምረጡና ሌላውን ዓይን ትከሉበት፤ ከዚያ ሳትዞሩ በዚያ ርቀት ያለው ፊት አለ ወይስ ያለ መስሏችሁ ነው?