ዋና ገጸ ባሕሪው በድን ሲሆን፦ አሁን ይታረም ወይስ ይቆይ?

ዛሬ ጣና ዳር ረቂቅ ስናነብ ውለን ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቆመ፦ ዋና ገጸ ባሕሪው በድን ነው፣ ድርሰቱ ደግሞ ገና ግማሽ ላይ። ተመልሶ ማረም ወይስ መቀጠል?

መጀመሪያ በድን መሆኑን አረጋግጡ። ሦስት ትዕይንት መርጣችሁ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው አስገቡ። ታሪኩ ካልተነካ ሰውዬው ተመልካች እንጂ ባለታሪክ አይደለም።

ብዙው ጸሐፊ ታዲያ የልጅነት ታሪክ ይጨምርለታል። ሁለት ገጽ የወላጅ አልባነት ትረካ ነፍስ አይዘራበትም (አንባቢም ዘሎት ነው የሚያልፈው)። የጎደለው ፍላጎትና ዋጋ የሚያስከፍል ምርጫ ነው። ዛሬ ካነበብነው ውስጥ የአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ በእንቦጭ ተተብትቦ «እጅግ አዘነ» ይላል። መረቡ የአማቹ ቢሆንስ? ነገ ጠዋት መመለስ ቢኖርበትስ? አሁን ወይ በቢላ ይቆርጠዋል፣ ወይ የደንገል ታንኳው ውሃ እየጠጣ እየከበደ ሲሄድ ሲታገል ያመሻል። የቱንም ቢመርጥ ማንነቱ ይታያል፤ ቅጽል አያስፈልግም።

ሲሶውን ሳትጨርሱ ከሆነ ተመለሱ። ግማሹን ካለፋችሁ ግን የኋላውን አትንኩት፤ በየምዕራፉ የሚለወጠውን በአንድ መስመር ማስታወሻ ያዙና እንደታረመ ቆጥራችሁ ቀጥሉ። አለዚያ አሥር ጊዜ የተወለወለ ምዕራፍ አንድ ይዛችሁ መጨረሻ አልባ ትቀራላችሁ። ቀጣዩ ትዕይንት በሰውዬው ውሳኔ ላይ ቆሞ ምን እንደሚወስን ካላወቃችሁ ብቻ ቆም በሉ፤ ያኔም ፍላጎቱ መጀመሪያ የሚታይበትን አንዱን ትዕይንት አርማችሁ ወደ ቦታችሁ ተመለሱ።