«ቢበሉ ይሻልዎታል» ያልኩ መስሎኝ

ዘንድሮ ለገና ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ነበርኩ። ውርጩ አጥንት ድረስ ይገባል። ማታ የከሰል ማንደጃውን ከበን ስንጫወት የወንድሜ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ውጭ ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ናት። «አክስቴ፣ ሰውን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚመክሩት?» አለችኝ። ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ይህ ነገር እኔን አስለቅሶኛል።

እንግሊዝ አገር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ሾርባቸውን አልነካ አሉ። «ቢበሉ ይሻልዎታል» ልል ፈለግኩ። ይሻላል ማለት «ቤተር» አይደል? «ዩ ሃድ ቤተር ኢት» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ ማንኪያውን ገፋ አደረጉት። ለካ «ሃድ ቤተር» ውስጥ «አለበለዚያ ግን...» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ባቡር ሊያመልጠው ለደረሰ ጓደኛ ይባላል። እንዲህ ላሉ ትልቅ ሰው አይባልም።

ኃላፊዬ ጠራችኝና በለሰለሰ ድምፅ «ዩ ማይት ዎንት ቱ አፖሎጃይዝ» አለችኝ። እኔ የገባኝ «ምናልባት ይቅርታ መጠየቅ ትፈልጊ ይሆናል» ብላ ነው። ፍላጎቴን የጠየቀችኝ መስሎኝ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ። እሷ ግን ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ ማለቷ ነበር። ይህ አባባል ከአለቃ አፍ ሲወጣ ምርጫ አይደለም። የዚያን ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

እኛ አክብሮቱን ግሱ ላይ እንጨርሰዋለን። «ይሻልሃል»፣ «ይሻልዎታል»፤ በቃ። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን አንቱ የለውም። ስለዚህ ዙሪያውን ባሉት ቃላት ያለሰልሰዋል። «ሹድ»፣ ማለት «ይገባሻል»፣ ብቻውን ይከብዳል፤ «አይ ቲንክ» (ይመስለኛል) ወይም «ሜይቢ» (ምናልባት) ሲቀድመው ይላላል። «ኢፍ አይ ዌር ዩ» ደግሞ ልክ እንደኛው «እኔ አንቺን ብሆን» ነው። እሱን ሳትፈሪ ተጠቀሚበት አልኳት።

ትንንሾቹንም ነገርኳት። «ምክር» የሚለው ስም በ«ስ» ያልቃል፣ አድቫይስ። «መምከር» የሚለው ግስ በ«ዝ»፣ አድቫይዝ። አንድ ምክር፣ ሁለት ምክር ተብሎም አይቆጠርም፤ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ነው የሚባለው። «ቲፕ» ደግሞ ለአስተናጋጅ የምንሰጠው ብቻ አይደለም፤ አጭር፣ ጠቃሚ ምክርም ቲፕ ነው።

ይህን ስንል ጎረቤታችን ገቡ፤ የመንዝ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ። እናቴ ብድግ አለች። «እትዬ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ ቢሉ? ይቺን ባና ጉልበትዎ ላይ ጣል ያድርጓት፣ በሞቴ!»

የወንድሜ ልጅ እስክሪብቶዋን አነሳች። «‹በሞቴ›ን ምን ብዬ ልጻፈው?»

ካለቀስኩበት ቀን ማግስት ያደረግኩትን ነገርኳት። ሾርባውን አሙቄ ወንበራቸው ሥር በርከክ አልኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ «ጀስት ኤ ሊትል፣ ፎር ሚ»፣ ትንሽ ብቻ፣ ለእኔ ሲሉ፣ አልኳቸው። «ፎር ሚ» ያልኩት «በሞቴ»ን ፈልጌ አጥቼ ነው። ሦስት ማንኪያ ጠጡልኝ።