ሟቹ ስንት ዓመታቸው ነበር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ መረጃ ስሰበስብ አንዲት እናት ልጃቸው "በዓመቱ" እንደሞተ ነገሩኝ። 12 ወር ብዬ ልጽፍ ስል የስልጠናው ነገር ትዝ አለኝ። "ዓመት" ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ደግማችሁ ጠይቁ ተብለን ነበር።

"መሄድ ጀምሮ ነበር?" አልኳቸው።

"ኧረ ገና እየዳኸ!"

መቼ ተወለደ? የጥምቀት ማግስት። መቼ ሞተ? ደመራ የተለኮሰ ለት። ጣቴን ቆጠርኩ። ስምንት ወር።

አራት ወር ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ለብቻ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉት ለብቻ ነው የሚቆጠሩት። እኔ 12 ብዬ ብጽፍ ኖሮ ልጁ ከመጀመሪያው ሳጥን ወጥቶ ሁለተኛው ውስጥ ይገባ ነበር። እንዲህ ያለ መረጃ በግራፍ ሲወጣ 12 ወር ላይ እንደ ቀንድ የቆመ ነገር ታያላችሁ። ሞት 12ኛውን ወር የሚመርጥበት ምክንያት የለውም፤ እኛ ነን የመረጥንለት። ትልልቆቹም ያው ናቸው፣ የ1999ኙን ሕዝብ ቆጠራ ብታዩ ዕድሜው በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ተከምሯል፣ 40 እና 50 ሞልቶ 41 እና 51 ጭር ብሏል።

ይኼን ሁሉ የማወራው ሰሞኑን ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ለቅሞ መመዘን) ላይ ስለተጠመድኩ ነው። በየዕድሜው የሚሞተውን ሰው ያጠኑ ጽሑፎችን እየሰበሰብን ፈረንጆቹ ሪስክ ኦፍ ባያስ የሚሉትን፣ ማለትም ውጤቱ ምን ያህል ሊዛባ እንደሚችል እንመዝናለን። ቅጹ "ዝቅተኛ"፣ "ከፍተኛ"፣ "ግልጽ አይደለም" ይላል። ወዴት እንደሚያዛባ ግን አይጠይቅም። እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው።

የዚያችን እናት ነገር እንየው። ልጁ ስምንት ወሩም ይሁን 12፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሞቷል። ስለዚህ የ12 ወሩ ቀንድ ከዓመት በታች ያለውን ሞት ዝቅ፣ ከዓመት በላይ ያለውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ድምሩን አይነካም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. ከሺህ በሕይወት ከሚወለዱ 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ሲል፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ 67 ሲል፣ ያ ሁሉ ቅናሽ የቀንዱ ጨዋታ ሊሆን አይችልም። ቅናሹን አምናለሁ።

ሌላ ዓይነት ስህተት ግን ድምሩንም ይነካል። ባለፉት አምስት ዓመታት ለተወለደ ልጅ ጠያቂው ክትባቱን፣ ተቅማጡን፣ ትኩሳቱን የሚያስቆጥር ረጅም የጥያቄ ክፍል ይጠብቀዋል። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፣ ምሳ አልተበላም፣ መኪናው ቆሟል። የልጁን ልደት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ገፋ ብታደርገው ክፍሉ በሙሉ ይዘለላል! እኔ አላደረግኩትም፣ ሲደረግ ግን አይቻለሁ። የሞቱት ልጆች አብዝተው ከተገፉ የቅርቡ ዘመን ሞት ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ደግሞ የምንጠይቀው በሕይወት ያሉ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶችን ነው። እናት በወሊድ ወይም በኤችአይቪ ከሞተች የልጇን ነገር የሚነግረን የለም፣ እንደነዚህ ያሉት ልጆች ደግሞ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው የከፋ ነው። ይኼም ወደ ታች ነው የሚጎትተው።

(በነገራችን ላይ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ዳታ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ነው። ወደ ፈረንጁ ለመመለስ ቀኑ ዳታው ውስጥ በወር ተቆጥሮ ስለሚቀመጥ፣ በዚያ ቁጥር ላይ 92 ወር ደምሩ። ስንቱ ረስቶት ተሸውዷል።)

አዛውንቶች ዘንድ ሲደረስ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞትን በየመቃብር ስፍራው የሚከታተል ጥናት ነበረ። የልደትና የሞት መዝገብ በወጉ ባልነበረበት ከተማ ብልህ ዘዴ ነበር፤ ሰው ሁሉ መቀበሩ አይቀርም። ግን የሟቹን ዕድሜ የሚናገረው ለቀብር የመጣ ዘመድ ነበር። አያቴ የሞቱ ዕለት አጎቴ 95 አለ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ከመቶ በላይ ናቸው ብለው ተከራከሩት፣ አያቴ ራሳቸው ደግሞ "ጣሊያን ሲገባ ከብት እጠብቅ ነበር" ከማለት ሌላ ቁጥር ተናግረው አያውቁም። መዝገቡ ላይ 100 ተጻፈ። ዕድሜ ሲጋነን ሽማግሌዎቻችን የማይሞቱ ይመስላሉ።

ሁሉን በሚመዘግቡት ጃፓኖችም ደርሷል። በ2010 እ.ኤ.አ. በቤተሰብ መዝገባቸው ውስጥ በሕይወት አሉ ተብለው የተጻፉ፣ ግን የት እንዳሉ የማይታወቅ ከ230 ሺህ በላይ የመቶ ዓመት አዛውንቶች ተገኙ። መሞታቸውን ያስመዘገበ ሰው ስላልነበረ ብቻ ዕድሜ ሲጨመርላቸው ኖሯል።

ትናንት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የተጨቃጨቅንበት ጽሑፍ ዕድሜ እንዴት እንደታወቀ በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው፦ "ከቤተሰብ ተጠይቆ"። እሱ "ዝቅተኛ" አለ። እኔ "ከፍተኛ" አልኩ፣ የአያቴንም ታሪክ ነገርኩት፣ ሳቀብኝ። ሦስተኛ ሰው ጠራን። እሷም አንብባ "ግልጽ አይደለም" ላይ ምልክት አድርጋ ገላገለችን።