የኪራይ ዕዳና የበጀት ዓመት፦ ጎንደር ላይ ገንዘቡ ለምን ይዘገያል?

ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ ለተከራይ ክፉ ወራት ናቸው። ግንባታ ይቀዘቅዛል፣ የቀን ሠራተኛው ቤት ይውላል፣ የጉልት ቸርቻሪዋን ዝናብ ቀድሞ ያስገባታል፤ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። የከተማው በጀትም የሚተኛው ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል። አዲሱ በጀት በምክር ቤት ጸድቆ፣ በገንዘብ መምሪያ ተደልድሎ፣ ክፍለ ከተማ ደርሶ የመጀመሪያዋ ብር እስክትወጣ መስከረም ይጠባል። አከራይ ግን መስከረምን አይጠብቅም።

ስለዚህ ለተጋላጭ ቤተሰቦች በጀት ተያዘ ሲባል ከብሩ መጠን አስቀድሞ የሚጠየቀው በየትኛው ወር እጅ እንደሚገባ ነው።

የሚያዋጣው ሁለት ኪስ መያዝ ነው። ችግረኞችን ለመርዳት በየአካባቢው የተቋቋመው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት ከነዋሪው፣ ከዕድሩና ከነጋዴው የሚሰበስበው መዋጮ የመንግሥት በጀት ስላልሆነ ሰኔ 30 አይዘጋም። ችግሩ ለበዓል ዘይትና ዱቄት ተበትኖ ሐምሌ ላይ ባዶ መሆኑ ነው። ግማሹ ከሰኔ እስከ መስከረም ላለው የኪራይ ዕዳ ይቀመጥ፣ ከጥቅምት ወዲያ የከተማው በጀት ይተካው። ሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይም የበጀት ጥያቄ ሲያቀርብ ይህን «ልዩ ልዩ ድጋፍ» ውስጥ ከጨመረው ከዕለት ርዳታ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል፤ የራሱ መስመር ይኑረው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በወር 3,000 ብር የሚከፍል ቤተሰብ የሁለት ወር ቢወዘፍበት ዕዳው 6,000 ብር ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ መልሶ ቤት ለማስያዝ ግን ያው 6,000 በቅድሚያ ክፍያ ይሄዳል፣ የደላላና የዕቃ ማጓጓዣ ይጨመርበታል፣ አሮጌው ዕዳም እንዳለ ነው። በዚህ ስሌት 200 ቤተሰብ ለማቆየት 1,200,000 ብር ይበቃል። ዕዳው ከሦስት ወር ካለፈ ግን ብዙ ጊዜ መክፈሉ አያዋጣም፤ ከአከራዩ ጋር ያለው ነገር ተበላሽቷል፣ ብሩን ተቀብሎ በማግሥቱ «ልጄ ሊገባበት ነው» ይላል። ያኔ ዕዳውን በሽምግልና አስቀንሶ ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል።

ክፍያው ለአከራዩ በቀጥታ፣ በባንክ መሆን አለበት። የሚሰናከለውም እዚህ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ማራኪም ሆነ አዘዞ ግን አንዲት ክፍል የሚያከራይ ሰው የሚዋዋለው ብዙውን ጊዜ በቃል ነው፤ የኪራይ ገቢ ግብርን ስለሚፈራ ስሙ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር አይፈልግም። «ለእሷ ስጧት፣ እኔን አታስገቡኝ» ይላል። ለተከራይዋ ሲሰጥ ገንዘቡ ጤፍ ይሆናል፤ አይፈረድባትም። ስለዚህ ከክፍያው በፊት የዕድር ዳኛና ሁለት ጎረቤት ባሉበት አከራዩ ቃለ ጉባኤ ላይ ይፈርም፦ ዕዳው ይህን ያህል ነው፣ ለስድስት ወር አላስወጣም፣ ዋጋም አልጨምርም። ካልፈረመ አይከፈለውም።

መሸኛም ሌላ እንቅፋት ነው። ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ከየት ያመጣል? መስፈርቱ የቀበሌ መታወቂያ ከሆነ በጣም የተጋለጠው ገና ከበሩ ይመለሳል። ፋይዳ ወይም ሦስት የሰፈር ምስክር እንደሚበቃ በመመሪያ ላይ ይጻፍ። የከተማ ሴፍቲኔትን በዚህ ቦታ መቁጠር አይገባም፤ ወርኃዊ ገቢ ይደጉማል እንጂ ለተወዘፈ ኪራይ በፍጥነት አይደርስም። ለድሃ ቤተሰብ የጤና መድን መዋጮ መሸፈን ግን እጅግ ይጠቅማል፣ ኪራዩን የሚበላው ብዙ ጊዜ ሕመም ነውና።

የቀበሌ ቤት ነገር ለብቻው ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ናቸው ለቀበሌ የተሰጡት። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ዕዳ ሰው አያስወጣም፤ የሚያስወጣው ጣሪያው ነው። 4 በ4 ሜትር ለሆነች ክፍል ከ15 እስከ 18 ቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ ማገርና ወራጅ፣ ሚስማር፣ ጭድና የሠራተኛ ዋጋ ያስፈልጋል። ጭድ የገባበት ጭቃ ቦክቶ፣ ተመርጎ፣ ስንጥቁ በሁለተኛ ምርጊት ተደፍኖ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሐምሌ ላይ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ይረግፋል። ገንዘቡ መጋቢት ላይ ወጥቶ ሥራው ግንቦት ላይ ካላለቀ፣ ቆርቆሮው ተገዝቶ ክረምቱን መጋዘን ያሳልፋል። የጥገና ፈቃድ በጽሑፍ ካልተያዘ ደግሞ ደንብ ማስከበር ግማሽ ላይ ያስቆመዋል፣ ጣሪያው ተነሥቶ ሳለ ማለት ነው። ከጥምቀት በፊት ቢሮ ሁሉ በበዓሉ ስለሚጠመድ የፈቃድ ማመልከቻው ጥር አጋማሽ እንዳለፈ ቢገባ ይመረጣል።