አፍንጫውን ወደ ታች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የአየር ኃይል የምልመላ ማስታወቂያ ወጣ ሲባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች የመምህራን ክፍል በር ላይ ይሰለፋሉ። «ቲቸር፣ ፓይለት መሆን እንፈልጋለን፤ ምን እናንብብ?» ይሉኛል። ከመንዝ የመጡ አሉ። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበር የመጡም አሉ። ብዙዎቹ አውሮፕላን ያዩት ሰማይ ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው። ፍላጎታቸው ግን የምር ነው፤ እኔም የምር እይዘዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ክፍል አስፈቅጄ የቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ጀመርን። ልጆቹ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። መጀመሪያ ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም። ፎቶ ኮፒው እንደገና ፎቶ ኮፒ እየተደረገ ፊደሉ ደብዝዟል። በግራ በኩል የአቪዬሽን ቃላት ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል የአንድ መስመር ፍቺ አለ። ሊፍት፣ ድራግ፣ ፒች፣ ሮል፣ ስቶል፣ አልቲትዩድ፣ ኖት። ሁሉንም ሸምድደውታል። ከየትኛውም መስመር ብታስጀምራቸው ሳይደናቀፉ ይወርዱታል።

ከተማችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የበረራ አስተማሪ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሻለቃ ይላቸዋል። ልጆቹን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው፤ ደስ ብሏቸው መጡ። ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡና የደብረ ሲናውን ልጅ አስነሱት።

«ስቶል ምንድን ነው?»

«ስቶል ማለት አውሮፕላን በበረራ ላይ እያለ ሞተሩ ሲቆም ነው።» ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል በቃል ይኸው ነው።

«እሺ። አሁን ስቶል ውስጥ ገባህ። ምን ታደርጋለህ?»

«ሞተሩን መልሼ አስነሳለሁ።»

«ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ድምፁን ትሰማዋለህ። አውሮፕላኑ ግን እየወረደብህ ነው። ስቲኩን፣ መሪውን ማለት ነው፣ ይዘሃል። እጅህ ወዴት ይሄዳል?»

ልጁ ትንሽ አሰበና እጁን ወደ ደረቱ ሳበ። «ከፍ እንዲል ወደ ራሴ እስበዋለሁ።» ሌሎቹም ተስማሙ። የሚወድቅን ነገር ማንሳት ነዋ! ማንም ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ይኸው ነው።

ሻለቃ አልተቆጡም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ስማኝ ልጄ። እጅህ ይህን ከለመደ ይገልሃል። አንተን ብቻ አይደለም፣ አብሮህ ያለውንም።»

ከዚያ አንድ የደብተር ሽፋን አንስተው ክንፍ አደረጉት። ክንፍ አየርን የሚገጥምበት ማዕዘን አንግል ኦፍ አታክ ይባላል። ማዕዘኑ ሲጨምር ሊፍት፣ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል፣ ይጨምራል፤ ግን እስከ ልኩ ነው። ለብዙ ተራ ክንፎች ልኩ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ አየሩ የክንፉን ጀርባ ተከትሎ መፍሰሱን ትቶ ይላቀቃል፤ ይበጣበጣል። ሊፍት ይወድቃል፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል፣ ድራግ፣ ያሻቅባል። ስቶል ይህ ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየሠራም ይመጣል። መፍትሔው ማዕዘኑን መቀነስ ነው፤ ስለዚህ ስቲኩ ወደ ፊት ይገፋል፣ አፍንጫው ወደ ታች ይላል። መሬት እየቀረበህ አፍንጫህን ወደ መሬት ማዞር ነው። ለዚህ ነው ሰው ቀድሞ ካልተለማመደው በጭንቅ ሰዓት እጁ እሺ የማይለው።

እኔ እዚህ ላይ የኤር ፍራንስ 447ን ነገር አነሣሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር የነበረ ኤርባስ ነው። የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ተደፈኑና ንባቡ ለአጭር ጊዜ ተዛባ። ግራ መጋባቱ ውስጥ አንደኛው አብራሪ ስቲኩን ወደ ራሱ ሳበ፣ እየደጋገመም ሳበ። የስቶል ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሞተሮቹ ይሠሩ ነበር። አውሮፕላኑ ከ3 ደቂቃ በላይ አፍንጫው ቀና እንዳለ ቁልቁል ወርዶ አትላንቲክ ውስጥ ገባ። 228 ሰው አለቀ። እነዚያ አብራሪዎች የስቶልን ፍቺ ከእኔ ተማሪዎች በጣም አብልጠው ያውቁ ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል።

ሻለቃ ጨመሩበት። «ለተዋጊ አብራሪ ደግሞ ይብሳል። ስቶል በዝግታ ስትበር ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ።» ጠመኔውን ተቀብዬ ሰሌዳው ላይ አሰላሁት። ከፍታን ጠብቆ በ60 ዲግሪ ጋደል ብሎ የሚዞር አውሮፕላን 2 ጂ፣ የክብደቱን እጥፍ ማለት ነው፣ ይሸከማል። የስቶል ፍጥነቱ በ2 ስኩዌር ሩት ይባዛል። ቀጥ ብሎ ሲበር በ60 ኖት (ኖት የፍጥነት መለኪያ ነው) ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን እዚያ መዞሪያ ላይ ፍጥነቱ ወደ 85 ኖት ሲወርድ ስቶል ያደርጋል። በ4 ጂ ከሆነ እጥፍ ነው፣ 120 ኖት። ስኩዌር ሩት የሰለቻቸው ልጆች በዚያች ቅዳሜ ዓይናቸው አልተነቀለም።

ቀጥሎ አልቲትዩድ መጣ። ወረቀቱ «የአውሮፕላን ከፍታ» ብሎ አልፎታል። ሻለቃ የሸዋ ሮቢቱን ልጅ ጠሩና በሐሳብ ከቤቱ ወደ ደብረ ብርሃን አስበረሩት። አልቲሜትሩ፣ የከፍታ መለኪያው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 9,500 ጫማ ያነባል፤ ምንም ሳይነቃነቅ እዚያው ይቆያል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ 4,200 ጫማ ማለት ነው። ልጁ ከበታቹ ከ5,000 ጫማ በላይ ክፍት አየር አለው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ገደማ ናት፤ ወደ 9,300 ጫማ። እዚህ ሲደርስ ከመሬቱ የሚለየው 200 ጫማ ነው።

«እዚህ ደረስክ እንበል» አሉት። «ግን በመሃል ምን አለ?»

ልጁ መንገዱን በአውቶቡስ ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል። ደብረ ሲና ላይ ያለውን ዳገት፣ የጣርማ በርን ጉም ያውቀዋል። ፊቱ ተለወጠ። «ጣርማ በር» አለ። የጣርማ በር ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አልቲሜትሩ 9,500 እያለ አውሮፕላኑ ከተራራው በታች ነው። በጉም ውስጥ ከሆነ ደግሞ አይታይም። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ አንድ ነገር ነው፤ ከበታችህ ካለው መሬት ያለህ ርቀት ሌላ ነው። አንዱን እያየህ ሌላውን ማስላት አለብህ። ይህን ልጅ ከእንግዲህ ማንም አያሳስተውም።

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣችው ተማሪ ደግሞ «እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ማኮብኮቢያ ቢኖር አውሮፕላን እንዴት ይነሣል?» ብላ ጠየቀች። በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው፤ አብረን ሠራነው። መደበኛው አየር በባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ይባላል። በየ1,000 ጫማው ወደ 2 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ በ9,300 ጫማ ላይ መደበኛው ሙቀት ከዜሮ በታች 3.6 ዲግሪ ነው። የእኛ ቀን ግን እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ከመደበኛው በላይ ለሆነች ለእያንዳንዷ ዲግሪ ወደ 120 ጫማ ይጨመራል። ሲደመር አውሮፕላኑ የሚሰማው አየር የ12,100 ጫማ አየር ነው። ዴንሲቲ አልቲትዩድ የሚሉት ይህን ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም፣ ፕሮፔለሩም፣ ሞተሩም አቅም ያጣሉ። የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት ሲል አውሮፕላኑ በእውነት የሚሮጠው ወደ 72 ኖት ነው። ስለዚህ ማኮብኮቢያው መርዘም አለበት። የኅዳር ጠዋት ላይ፣ አመዳይ ሜዳውን ሲያለብሰውና ሙቀቱ ዜሮ ሲሆን ግን ቁጥሩ ወደ 9,700 ይወርዳል። ያው ሜዳ፣ ያው አውሮፕላን፤ ልዩነቱ የሰዓት ነው። ደጋ ላይ የሚበር ሰው ጭነቱንም ሰዓቱንም የሚመርጠው ለዚህ ነው።

የሬዲዮ ቃላትን ፈጠን ብለን አለፍናቸው። አንዱን ግን ሻለቃ ሳይነግሩን አልሄዱም። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኔሪፍ በምትባል የስፔን ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። ከግጭቱ በፊት ከአንደኛው «አሁን ቴክኦፍ (መነሻ) ላይ ነን» የሚል መልእክት መጥቶ ነበር። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ለመነሣት ተዘጋጅተው የቆሙ መሰለው። እነሱ ግን መሮጥ ጀምረው ነበር። ዛሬ ቴክኦፍ የሚለው ቃል በሬዲዮ የሚነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ዲፓርቸር ይባላል። ፈቃድ የተቀበለ አብራሪም «እሺ» ብሎ አይዘጋም፤ የተባለውን መልሶ ይናገራል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ወረቀቱን እንደ አዲስ ጽፈውት መጡ። በራሳቸው ሐሳብ ሦስተኛ ዓምድ ጨምረዋል፤ «እጅ ምን ያደርጋል?» ይላል። የደብረ ሲናው ልጅ ስቶል አጠገብ እንዲህ ብሏል፦ ስቲክ ወደ ፊት፣ ክንፍ ማስተካከል፣ ኃይል መጨመር፣ ከዚያ በዝግታ ማቅናት። ኖት አጠገብ ያለው ባዶ ነበር። እንዲሁ ተውነው፤ ሁሉም ቃል እጅን አያዝዝም። ስፒን (ስቶል ያደረገ አውሮፕላን እየተሽከረከረ ሲወርድ) አጠገብ ግን የመሐል ሜዳዋ ልጅ ጥያቄ ምልክት አድርጋለች።

«ስቶል ላይ ኃይል እንጨምራለን» አለች። «ስፒን ላይ ለምን እንቀንሳለን?»

«ጥሩ አየሽ» አሏት ሻለቃ። «ስፒን ውስጥ ኃይል ካለ አፍንጫው ቀና ሊል ይችላል፤ ሽክርክሪቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። እሱን ማቆም በጣም ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኃይሉን ዝቅ፣ ክንፉ ላይ ያለውን ኤይለሮን መሃል ላይ፣ ጭራው ላይ ያለውን ራደር ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ስቲኩን ወደ ፊት። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን የምትበሪበት አውሮፕላን መመሪያ ነው። እሱን ሳታነቢ እንዳትወጪ።»